ፋኑ ስለጮኸ ኮምፒውተሩ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም፦ በየግሩፑ ለተጋራው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፋን (ማቀዝቀዣ ማራገቢያ) የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዘዋወር ከርሟል። እዚህ ጅማ ኮምፒውተር የሚጠግንም የሚጠቀምም ሰው ብዙው አይቶታል፣ እኔ ጋ ደሞ ሰዎች ስልካቸው ላይ ከፍተው እያሳዩኝ "እንደዚህ አርግልኝ" ማለት ጀምረዋል። ችግሩ እዛ ላይ ካለው ምክር ግማሹ ኮምፒውተሩን ሳያቀዘቅዝ ጆሮ የሚያደነቁር ነው፣ ሌላው ደሞ ሰው ለማያስፈልገው ነገር ገንዘብ እንዲያወጣ የሚያደርግ ነው። የጻፈው ወንድማችን ለመርዳት ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል፣ አጻጻፉም ግልጽ ነው፣ ብዙ ሰው የተቀበለውም ለዛ ይመስለኛል። ስለዚ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥና በየተራ ልመልስ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ድምፅ የሌለው ፋን አየር አይገፋም፣ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ሙቀትን መርጧል ማለት ነው። ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ላይ ያለው የፋን ቦታ በሙሉ መሞላት አለበት፣ ሁሉም በሙሉ ዙር ይለቀቅ፣ የሚያቀዘቅዘው ብዛት ነው። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ሲኤፍኤሙ (በደቂቃ የሚገፋው አየር በኪዩቢክ ጫማ) ትልቅ፣ ዴሲቤሉ (የድምፁ መጠን) ትንሽ የሆነውን አንሱ፣ ሌላው ወሬ ነው። አሁንም ከሞቀ የኬዙን ጎን ክፈቱና ማራገቢያ ደቅኑበት። እንደ ጅማ ባለ ነፋሻ ከተማ የሚኖር ሰው ደሞ ፋን ልምረጥ ብሎ መጨነቅ የለበትም፣ የድሬዳዋና የጋምቤላ ሰው ነው መጨነቅ ያለበት። የሚጮህ ፋን ዘይት ጠብ ሲደረግበት ይድናል። ውድ ብራንድ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ ስለዚ ማንኛውንም ውሰዱ። መጨረሻ ላይ ደሞ ከሁሉም በፊት አቧራውን አጽዱ ይላል፣ በዚህ መቶ በመቶ እስማማለሁ፣ እንደውም ጽሑፉ በሱ ቢጀምር ደስ ይለኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፣ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚቀዳው ከሱ ነው። ድምፅና አየር አንድ ነገር አይደሉም። የፋን ድምፅ ከብዙ ቦታ ይመጣል፦ ክንፉ አየሩን ሲቆርጥ፣ የተቆረጠው አየር ከፊቱ ካለው ሽቦ ወይም ብረት ጋር ሲጋጭ፣ ኩሽኔታው ሲያልቅ፣ ሞተሩ ሲያንጎራጉር፣ የሞተሩ ንዝረት ደሞ በብሎኑ አልፎ የኬዙን ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጥ። ከነዚህ ውስጥ አየር ከመግፋት ጋር በቀጥታ የሚያያዘው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ኩሽኔታው ያለቀ ፋን እየጮኸ ምንም አየር ላይገፋ ይችላል፣ እንዲህ ዓይነቱን ሁላችንም አይተናል። ታዲያ "ከጮኸ ይሰራል" የሚለው መለኪያ ከየት መጣ?

አየር በመግፋት የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ብንወስድ እንኳ ሂሳቡ የወንድማችንን ሐሳብ አይደግፍም። አንድ ፋን ዙሩን በግማሽ ብንቀንሰው የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የሰው ጆሮ 10 ዴሲቤል ሲቀንስለት ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ አርጎ ነው የሚሰማው፣ ስለዚ 15 ማለት በጣም ብዙ ነው። አየሩ ቀስ ብሎ ሲቀንስ ድምፁ እየተንደረደረ ነው የሚወርደው። መጠኑን ስንጨምርበት ደሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በስሌት ካየነው 80 ሚሊ ሜትር ፋን በደቂቃ 2400 ዙር ሲዞር የሚገፋውን አየር፣ ቅርፁ አንድ ዓይነት የሆነ 120 ሚሊ ፋን በ700 ዙር ገደማ ይገፋዋል፣ ምክንያቱም የአየሩ መጠን በዲያሜትሩ ሦስተኛ ፓወር ነው የሚያድገው። እውነተኛ ፋኖች ከስሌቱ ትንሽ ይለያሉ እንጂ ነገሩ አይገለበጥም። የ80ው ጩኸት ከሌላ ክፍል ይሰማል፣ የ120ውን 700 ዙር ለመስማት ጆሮህን ማስጠጋት አለብህ፣ አየሩ ግን ያው ነው። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ሙቀትን መረጠ የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። ትልቅና ዝግ ብሎ የሚዞር ፋን ነው የመረጠው።

አንድ ነገር ግን እሰጠዋለሁ። በጣም ቀጭን ኬዝ ውስጥ፣ 80 ሚሊ ብቻ በሚገባበት ቦታ፣ ጸጥታና ቅዝቃዜ እውነትም ይጣላሉ፣ እዛ ላይ የሆነ ነገር መተው ግድ ነው። የወንድማችን ልምድ ከነዚህ ትንንሽ የቢሮ ማሽኖች ከሆነ ለምን እንደዛ እንዳሰበ ይገባኛል።

ደሞ ብዙ ሰው "ፋኔ ይጮሃል" ሲል ጥፋቱ የፋኑ ሳይሆን የአሰካኩ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ጯሂ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የኬዝ ፋናቸው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ አልተሰካም፣ ሞሌክስ በሚባለው ሶኬት በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ከሚሰጠው ሳጥን) ነው የተሰጠው። እንደዛ ሲሆን ፋኑ 12 ቮልቱን በሙሉ ያገኝና ኮምፒውተሩ ባዶ ተቀምጦም ሆነ ቪዲዮ እየሰራ ቀኑን ሙሉ በመጨረሻ ዙሩ ይዞራል። ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ግን መቆጣጠር ይቻላል፦ አራት ፒን ያለው ፋን በፒደብሊውኤም (ዙሩን በሚያዝ) ሲግናል፣ ሦስት ፒን ያለው ደሞ ቮልቴጁን ዝቅ በማድረግ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ እዩት፣ አሱስ ላይ ኪው-ፋን ይባላል፣ ጊጋባይትና ኤምኤስአይ ላይ ስማርት ፋን። ሦስት ፒኑን ዲሲ ሞድ ላይ፣ አራት ፒኑን ፒደብሊውኤም ሞድ ላይ አርጉት፣ ከተቀያየረ ወይ ዙሩ አይቀንስም ወይ እየተንገጫገጨ ይዞራል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማስተካክለው እንዲህ ነው፦ እስከ 50 ዲግሪ 30 በመቶ፣ 65 ላይ 50 በመቶ፣ 85 ሲደርስ 100። ባዮሱ የማዘግየት ምርጫ ካለው ደሞ ጥቂት ሰከንድ እሰጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) ብራውዘር ስትከፍት ራሱ ለአንድ አፍታ 15 ዲግሪ ሊዘል ይችላል፣ ፋኑ ያንን እየተከተለ "ውውው" ብሎ ተነስቶ መልሶ ሲወርድ ከቋሚ ድምፅ በላይ ሰው ያናድዳል። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አይወጣም።

እና ሙቀቱን በቁጥር እዩት እንጂ በጆሮ አትገምቱት። ብዙ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን መቀነስ የሚጀምሩት 100 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ሲሪስ ብዙዎቹ ደሞ 95 ላይ። ከባድ ስራ ላይ 70 ወይም 75 የሚያሳይ ማሽን ጤነኛ ነው። እሱን 68 ለማድረግ ብሎ ፋኑን ከ900 ወደ 1800 ዙር መውሰድ ፕሮሰሰሩን አይጠቅመውም፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ግን ይጎዳታል። ይሄ ነገር የሚያንገበግበኝ እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው ከነዚህ ማሽኖች ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚውል ነው። በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶችን እዩ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሰሩ ልጆችን እዩ፣ ድምፅ የሚቀዱትንማ አልናገርም፣ ከጀርባ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ አብሮ ተቀድቶ በኋላ እሱን ለማጥፋት ሲለፉ ያድራሉ። "ማሽን ነው ምን ታደርገዋለህ" ብለው ተቀብለውታል፣ መቀበል ግን አልነበረባቸውም።

ወደ ብዛቱ ልለፍ። ቦታው በሙሉ ይሞላ የሚለው ምክር መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ አይጠይቅም፦ ስንት ዋት ሙቀት ነው የምናወጣው? ይሄን ማስላት ከባድ አይደለም። ስራ ላይ 200 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ እንውሰድ፣ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር እንደዛ ነው። ከኬዙ የሚወጣው አየር ከሚገባው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ከፈለግን በባህር ወለል ከፍታ ላይ ወደ 36 ሲኤፍኤም ይበቃል፣ ያ ማለት በሰዓት 60 ሜትር ኪዩብ ገደማ። ጅማ ላይ ደሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ፣ ወደ 44 ያስፈልጋል። ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ብቻ የሆነ 60 ዋት አካባቢ የሚበላ ማሽን ከሆነ 13 ይበቃዋል። አሁን ከዚህ ጋር አንድ መካከለኛ ዋጋ ያለው ፋን አነጻጽሩ። አርክቲክ ፒ12 ፒደብሊውኤም በ1800 ዙር 56.3 ሲኤፍኤም ነው የሚባለው። በግማሽ ዙሩ ወደ 28 ይሆናል፣ ፍርግርጉና ማጣሪያው ደሞ ከዛ ላይ ግማሹን በላብን እንበል። ሦስቱን ስናስገባ በ900 ዙር እንኳ ለ200 ዋቱ ማሽን ወደሚያስፈልገው 44 ተጠጋን፣ ለጽሕፈቱ ማሽን ደሞ አንድ ራሱ ይበቃል። ታዲያ ስድስትና ሰባት ፋን ምን ለማድረግ?

እዚህ ላይም የወንድማችን ሐሳብ እውነት ያለበት ጎን አለው፣ መካድ ደግ አይደለም። አንድ ፋን በሙሉ ዙር ከሚዞር ሁለት ፋን በግማሽ ዙር ቢዞሩ አንድ ዓይነት አየር ይገፋሉ፣ ድምፁ ግን በ12 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፦ ዙሩ ሲቀንስ 15 ወረደ፣ ሁለት ስለሆኑ 3 ተጨመረ። ስለዚ መብዛት ራሱ ችግር አይደለም፣ ከአንድ ወደ ሁለትና ሦስት መሄድ ይጠቅማል። ችግሩ ጽሑፉ አብዝታችሁ ዙሩን ቀንሱ ሳይሆን አብዝታችሁ በሙሉ ዙር ልቀቁት ማለቱ ነው። ከሦስት በኋላ ደሞ አብዛኛው ቤት ያለ ማሽን ላይ ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ፋኖቹ እርስ በርስ አየር እየተሻሙ አንዱ ያስገባውን ሌላው ከጎኑ ያወጣዋል፣ አየሩ ሲፒዩ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ደሞ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ አለ ወይ? አሁን በየሱቁ የሚሸጡት ፊታቸው ሙሉ መስታወት የሆኑ ኬዞች ውስጥ ሦስት ባለ መብራት ፋን ተደርድሮ ታያላችሁ፣ ፋኑና መስታወቱ መሃል ያለው ክፍተት ግን ጣት አያስገባም። እንደዛ ያለ ኬዝ አፉን በእጁ ይዞ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንድ ደንበኛዬ ያመጣው እንደዚህ ነበር፣ ጽሑፉን አንብቦ ባለ መብራት ፋን በኬዙ ሙሉ ሞልቶት፣ ሁሉም ከአንድ ሃብ (ማከፋፈያ) በቋሚ ዙር የሚሰሩ፣ ሲፒዩው ግን ሬንደር (ከባድ የምስል ስራ) ሲያደርግ 90 ያልፋል። መስታወቱን ሳነሳው ሙቀቱ ወዲያው መውረድ ጀመረ። ቀጥሎ ከፋኖቹ አብዛኞቹን ነቀልኩ፣ የቀሩትን ዙራቸው ሊስተካከል በሚችል ቀየርኩለት፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ ርካሽ ኬዝ ውስጥ አዛወርነው፣ አሁን ያው ሬንደር ላይ 70ዎቹ ውስጥ ነው፣ አጠገቡ ሆነህ ስልክ ማውራት ትችላለህ።

የካርቶኑ ቁጥር። ሲኤፍኤሙ የተለካው ፋኑ ፊቱም ኋላውም ክፍት ሆኖ፣ ምንም ሳይጋርደው ነው። ኬዝ ውስጥ ሲገባ ማጣሪያ አለ፣ ፍርግርግ አለ፣ የሂትሲንክ (ከሲፒዩው ሙቀት የሚቀበለው ብረት) ቅጠል አለ፣ ያንን ሁሉ አልፎ ለመግፋት ደሞ ግፊት ያስፈልጋል፣ እሱ የሚጻፈው ስታቲክ ፕሬዠር ተብሎ በሚሊ ሜትር ውሃ ነው፣ ወንድማችን "ሌላው ወሬ ነው" ካለው ውስጥ አንዱ ይሄው ነው። አርክቲክ ራሱ ኤፍ12 እና ፒ12 ብሎ ሁለት የሚሰራው ለዚህ ነው፣ ኤፉ ለክፍት ቦታ፣ ፒው መሰናክል ላለበት። ሂትሲንክ ላይ ወይም ማጣሪያ ካለው የኬዝ ፊት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ የግፊቱን ቁጥር እዩ፣ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢና ከዛ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከኋላ አየር ለማውጣት ብቻ ከሆነ እምብዛም አያሳስብም።

ዴሲቤሉ ደሞ ከዚህ የባሰ ነው። አንዱ ፋብሪካ ከ1 ሜትር ርቀት ይለካል፣ ሌላው ካርቶኑ ላይ ርቀቱን ጭራሽ አይጽፍም፣ ስለዚ የአንዱን 22 ከሌላው 25 ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርህም። የታወቁት ፋብሪካዎች ቁጥር መነሻ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12x25 በ2000 ዙር 60.1 ሲኤፍኤምና 22.6 ዴሲቤል ነው የሚለው፣ ስም የሌለው ፋን ግን በዛው ዙርና በዛው አየር 18 ዴሲቤል ነኝ ካለህ አትመነው። በተጨማሪ ቁጥሩ የድምፁን ዓይነት አይነግርህም። ሰባት ክንፍ ያለው ፋን በ1200 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 140 ጊዜ ክንፉ ያልፋል፣ ከፊቱ ያለው ፍርግርግ ከተጠጋው ያ 140 ኸርዝ ላይ እንደ "ኡኡኡም" ሆኖ ይወጣል፣ በዴሲቤል ትንሽ ሆኖ ሌሊት ላይ ግን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው። መፍትሔው ፋኑን ከፍርግርጉ ትንሽ ማራቅ ወይም ዙሩን ከዛች ቦታ 100 ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። የኬዙ ቆርቆሮ ከሆነ የሚንቀጠቀጠው ደሞ በብሎኑና በኬዙ መሃል ላስቲክ አስገቡ፣ ከፋኑ ጋር ካልመጣ ከአሮጌ የሳይክል ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ ይሰራል።

የትኛው እንደሚጮህ ለማወቅም ቀላል ዘዴ አለ። ወረቀት ጠቅልላችሁ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ ሌላውን ወደየፋኑ አስጠጉ፣ ወዲያው ትለዩታላችሁ። ብዙ ጊዜ የምትከሱት የኬዝ ፋን ሳይሆን ከሲፒዩው ጋር የመጣው ትንሹ ፋን ነው የሚገኘው፣ አንዳንዴ ግራፊክስ ካርዱ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ፋን ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ። ፓወር ሰፕላዩ ከሆነ ግን እባካችሁ ቤት ውስጥ አትክፈቱት፣ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ውስጥ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል።

ጎኑን ክፈቱና ማራገቢያ ደቅኑ የሚለው። ለምርመራ ከሆነ ጥሩ ምክር ነው፣ ጎኑን ከፍታችሁ ሙቀቱ በደንብ ከወረደ ችግሩ የአየር መግቢያ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኔም ሁሌ አደርገዋለሁ። ለኑሮ ግን አይሆንም፣ በተለይ እዚህ። ጅማ በበጋ አቧራው የታወቀ ነው፣ አስፋልት ዳር ያለ ሱቅ ውስጥ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት ላይ በጣት ይጻፍበታል። የቡና ማበጠሪያና መጋዘን አካባቢ ያለ ቤት ደሞ የገለባው ብናኝ አለ። ቤት ውስጥ ከሰል ይነዳል፣ ቡና ይቆላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ያ ጭስ ቅባት አለው፣ ክንፉና ሂትሲንኩ ላይ ተለጥፎ አቧራውን ይይዘዋል፣ ክረምት ላይ እርጥበቱ ሲጨመርበት ደሞ ብሩሽ የማያነሳው ምንጣፍ ይሆናል። ጎኑ ተከፍቶ ማራገቢያ ሲደቀንበት ይሄን ሁሉ ያለ ማጣሪያ እያስገባችሁ ነው። የሰሞኑ ቅዝቃዜ ከጥቂት ወር በኋላ በሙቀት ይመለሳል፣ ድምፁም ያለ ከለላ በቀጥታ ጆሮ ነው የሚገባው፣ ማራገቢያው ራሱም የሚያመጣው ጩኸት አለ። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ደሞ የተከፈተ ማሽን ጭራሽ አይታሰብም።

ከዛ ይልቅ የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት እንዲበልጡ አድርጉ፣ ሁለት ከፊት የሚያስገባ አንድ ከኋላ የሚያስወጣ፣ ከፊት ባሉት ላይ ማጣሪያ። እንደዛ ሲሆን ኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ትንሽ ከፍ ስለሚል አየር በየስንጥቁ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም። ማጣሪያ ከሌለው የሴቶች ስቶኪንግ ተወጥሮ ሲታሰር በደንብ ይሰራል። ያረጀ አጎበር የሚወጥሩም አይቻለሁ፣ እሱ ግን ለወባ ትንኝ የተሰራ ስለሆነ ቀዳዳው ለደቃቅ አቧራ ሰፊ ነው፣ ብዙም አይዝም። በብሎወር ስታጸዱ ደሞ ክንፉን በጣት ያዙት፣ በነፋሱ ኃይል ካቅሙ በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል።

አሁን ወደ ጅማው አየር። ወንድማችን ጅማ ነፋሻ ስለሆነች ስለ ፋን አትጨነቁ ብሏል። በነገራችን ላይ ይሄ ነጥብ ከራሱ ከሁለተኛው ነጥብ ጋር ይጣላል፣ መጨነቅ ካላስፈለገ ለምንድነው ቦታው ሁሉ የሚሞላው? ግን እሱን እንተወውና፣ ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ካነጻጸርነው የአየሩ ክብደትም እንደዛው ይቀንሳል። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየሩ ስፋት አይቀየርም፣ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው፣ ስለዚ ያው ፋን በያው ዙር እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ባህር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ከላይ 36ቱን 44 ያደረግነው ለዚህ ነው። የውጭ ሰው በቪዲዮ የሚያሳየውን የሙቀት ውጤት እዚህ እንዳለ መጠበቅ የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነፋሻነቱስ? ሌሊቱና ክረምቱ እውነት ቀዝቃዛ ነው፣ ይሄን ማንም አይክደውም፣ ከጋምቤላ ጋር ሲወዳደርማ ተባርከናል። ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣራ ስር ያለ ሱቅ ውስጥ ደሞ ከውጪው ይብሳል። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ሲፒዩውም በ10 ገደማ ይሞቃል። ስለዚ ፋኑን የምታስተካክሉት በሐምሌ ሌሊት ሳይሆን በመጋቢት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚኖረው ሙቀት ነው። እዛ ላይ በጸጥታ ከሰራ ዓመቱን ሙሉ ይሰራል።

ዘይቱን በአጭሩ ልለፈው። ስሊቭ ኩሽኔታ (ዘንጉ ተራ ቀዳዳ ውስጥ የሚዞርበት) ያለው ፋን ላይ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይሰራል፣ እውነት ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ፣ ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀዳዳ የሰፋ ፋን ከጊዜ በኋላ መልሶ ይጮሃል። ቦል (ባለ ኳስ) ኩሽኔታ ባለው ላይ ደሞ እንደዛ ጠብ ማድረግ ብዙም ፋይዳ የለውም። የምግብ ዘይት በፍጹም አይደረግም፣ ይረጋና ሙጫ ይሆናል። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይም እንደዛው፣ የነበረውን ቅባት አጥቦት ይሄዳል። ስትገዙ ኩሽኔታው ፍሉይድ ዳይናሚክ የሚል ካገኛችሁ እሱን አንሱ፣ ዝግ ባለ ዙር ላይ ጸጥ ይላል፣ ዕድሜውም ከተራው ስሊቭ ይሻላል። ስሊቩን መግዛት ግድ ከሆነ የኬዙ ጣራ ላይ አግድም አትግጠሙት፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ቦታ ላይ ይሻለዋል።

ስለ ውድ ብራንድ አብዛኛውን እስማማለሁ። ለጽሕፈት ማሽን ኖክቱዋ ማስመጣት አያስፈልግም፣ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው በዝግታ ሲዞሩ ከውዱ ጋር ያላቸውን ልዩነት ብዙ ሰው አይሰማውም። የማልስማማው ከዛ ተነስቶ "ስለዚ ማንኛውንም ውሰዱ" ማለቱ ላይ ነው። በዛው ብር በቋሚ ዙር የሚሰሩ ባለ መብራት ፋኖች ደርዘን ከመግዛት ሁለት አራት ፒን ያላቸው 120 ወይም ቦታው ካለ 140 ሚሊ ፋኖች መግዛት ይሻላል። የሚጮኸው የሲፒዩ ፋን ከሆነ ደሞ ገንዘቡን በሙሉ እዛ ላይ አውሉት፣ 120 ሚሊ ፋን ያለው ታወር ኩለር (ረጅም ሂትሲንክ ያለው የሲፒዩ ማቀዝቀዣ) ከኬዝ ፋን ሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣል፣ ቁመቱ ኬዙ ውስጥ መግባቱን ብቻ አስቀድማችሁ ለኩ። ከአዲስ አበባ በሰው የምታስልኩ ከሆነ "ጸጥ ያለ ፋን" ብላችሁ አትላኩ፣ መጠኑን፣ የፒኑን ቁጥርና ሞዴሉን ጻፉለት፣ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ የተሳሳተ ፋን መመለሱ ከዋጋው በላይ ያስወጣል።

ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያላችሁ፣ ጅማ ውስጥ ብዙ ስለሆናችሁ ነው ለይቼ የምጽፈው፣ ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ሞዴሎች የሲፒዩ ፋናቸው አምስት ፒን ነው፣ የሽቦው አደራደርም ከተለመደው ይለያል፣ ሌላ ፋን ቆርጣችሁ ብትቀጥሉበት ወይ አይዞርም ወይ ባነሳችሁት ቁጥር የፋን ስህተት እያለ ኤፍ1 ተጫኑ ይላችኋል። እነዚህ ላይ ከፋን በፊት ሂትሲንኩን አውጥታችሁ አጽዱ፣ በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መሃል የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ፣ ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ጸጥ ይላሉ። ካልሆነ ፋኑ መሃል ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥርና የሶኬቱን ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩለትና ያንኑ ራሱን አስፈልጉ።